ሜትር የሌለው ኪስ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የሙያ ዓምድ ላይ ስለ መተንፈሻ ሕክምና ባለሙያነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ የእህቴ ልጅ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከሥሩ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ እውነት በሁለት ዓመት ያልቃል?»

ትምህርቱ ያልቃል። በዚህ አልተሳሳታችሁም። ጽሑፉን አንብቦ የጨረሰ ወጣት ግን ሥራው ኦክስጅን መክፈትና ማሽን ማስነሳት፣ እድገቱም ወረቀት በወረቀት ላይ መደረብ ሊመስለው ይችላል። እኔ በዚህ ሥራ 16 ዓመቴ ነው። አብዛኛውን ያሳለፍኩት በሌሊት ተራ ሲሆን ያለፉትን 7 ዓመታት ደግሞ አዲስ ገቢዎችን ከጎኔ እያስከተልኩ አሠለጥናለሁ። ለእሷ በስልክ ያልኳትን ለሌሎች አንባቢዎቻችሁም ልበል ብዬ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፤ ከሌሊት ተራ የወጣ ሰው ወሬ ይወዳል።

በመጀመሪያ፣ ሙያው ራሱን ችሎ የቆመው በጥቂት አገሮች ነው፤ አሜሪካና ካናዳ ዋናዎቹ ናቸው። በሌላው ዓለም ሥራውን ሐኪሙ፣ ነርሱና ፊዚዮቴራፒስቱ ይከፋፈሉታል። ባለበት አገር ግን መተንፈስ ያቃተው ሰው ባለበት ሁሉ የምንጠራው እኛ ነን፤ አስም የተነሳበት፣ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ጨቅላ፣ በአደጋ ራሱን የሳተ። መድኃኒት በጉም መልክ እናስተነፍሳለን፤ አክታ በቱቦ እንስባለን፤ ከእጅ አንጓ ደም ቅዳ ላይ ደም ወስደን በውስጡ ያለውን ጋዝ እናነባለን፤ ልብ ሲቆም ራስጌ ቆመን እናስተነፍሳለን፤ በታማሚው ፋንታ የሚተነፍሰውን ማሽን፣ ቬንትሌተሩን፣ እንገጥማለን፣ እናስተካክላለን፣ ታማሚው ሲበረታ እናላቅቀዋለን። አክታ የሚያጥወለውለው ሰው ከአሁኑ ይወቀው። ደም እንደ ውሃ የሚያዩ ነርሶች አክታ ሲመጣ ፊታቸውን ሲያዞሩ አይቼ ብዙ ስቄያለሁ።

የመግቢያውን በር እኔ በገባሁበት በአሜሪካው በኩል ልንገራችሁ። ዕውቅና ካለው ኮሌጅ ቢያንስ የአሶሼት ዲግሪ ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት የተባለው እሱ ነው፤ ከሱ በፊት የሚወሰዱት የአናቶሚ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ኮርሶች ሲጨመሩ ግን ሦስት ዓመት የሚፈጅበት ብዙ ነው። ቀጥሎ የብሔራዊው ቦርድ ፈተና ይመጣል። በኔ ጊዜ ሦስት ፈተና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱ የጽሑፍ ፈተናዎች ተዋህደው 160 ጥያቄ ያለው የሦስት ሰዓት ፈተና ሆኑ፤ ሁለት የማለፊያ ነጥብ ያለው። ዝቅተኛውን ያለፈ ሲአርቲ ይባላል። ከፍተኛውን ያለፈ ደግሞ ሲሙሌሽን የሚባለውን የመጨረሻ ፈተና ይወስዳል፤ እሱን ሲያልፍ አርአርቲ ይሆናል። በዚህኛው ፈተና 22 ታማሚዎች በኮምፒውተር ተራ በተራ ይመጡብሃል። ስለ ታማሚው ምን ማወቅ እንደምትፈልግ ትመርጣለህ፣ ከዚያ ምን እንደምታደርግ ትወስናለህ። የመረጥከውን መልሰህ መቀየር የለም፤ የማያስፈልግ ምርመራ ማዘዝም ነጥብ ያስቀንሳል። ከትምህርት ቤት ጣጣዎች ሁሉ ሥራውን የሚመስለው ይሄ ብቻ ነው። የግዛት ፈቃዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ከአላስካ በስተቀር ሁሉም ግዛቶች ይጠይቃሉ።

ምክሬ አጭር ነው፤ ሲአርቲ ላይ አትቁሙ። «ትንሽ ልሥራና እፈተናለሁ» ያሉ ሦስት ጓደኞች ነበሩኝ። አንዱ ተፈተነ። ሁለቱ ዛሬም «በሚቀጥለው ዓመት» ይላሉ።

ጽሑፋችሁ የዘለለውን ለማሳየት አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከድንገተኛ ክፍል አንዲት እናት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መጡልን። ሳንባቸው በኢንፌክሽን ተጎድቶ ወደ አየር ቧንቧቸው የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸዋል። ከኔ ጋር የነበረችው ሥራ ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ የሆነ ልጅ ናት። ቬንትሌተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር አየር እንዲሰጥ ተሞልቶ ነው የመጣው። «ምን ታያለሽ?» አልኳት። ሞኒተሩን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ መዝገቡን ገለጠች፤ «ሁሉም ደህና ነው» አለችኝ። ከኪሴ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣሁና አንዱን ጫፍ የሴትየዋ ተረከዝ ላይ አስያዝኳት። እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ እስከ አናታቸው ዘረጋሁ። 157 ሳንቲ ሜትር። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን 170 ነበር፤ በድንገተኛ ክፍል ግርግር አንዱ በዓይኑ ገምቶ የጻፈው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? የአየሩ መጠን የሚሰላው በሚዛን ላይ በሚነበበው ክብደት አይደለም፤ በቁመት ነው። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮት አይወፍርም። ለሴት 45.5 ኪሎ፣ ለወንድ 50 ኪሎ ትይዛለህ፤ ቁመቱ ከ152.4 ሳንቲ ሜትር ያለፈበትን በ0.91 አባዝተህ ትደምርበታለህ። እኚህ እናት ሚዛን ላይ 92 ኪሎ ናቸው፤ በሳንባቸው ሒሳብ ግን 50 ኪሎ ገደማ ናቸው። ለተጎዳ ሳንባ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ነው የሚታሰበው፤ 300 ማለት ነው። እየተሰጣቸው የነበረው 500 በኪሎ 10 ይመጣል። አርድስኔት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ሳንባቸው የተጎዳ 861 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ይሰጣቸው ከተባሉት 39.8 በመቶው ሞቱ፤ 6 ከተባሉት ደግሞ 31 በመቶው። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፣ ልዩነቱ የተሞላው ቁጥር ነው። ለተረኛው ሐኪም ደወልንለት፣ ቁመቱን ነገርነው፣ «እሺ፣ ቀንሱት» ብሎ ዘጋው። መጠኑን ቀነስን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንዳይጠራቀም በደቂቃ የሚሰጠውን ትንፋሽ ጨመርን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደም ወስደን አየን።

ልጅቷ በማግስቱ ማታ የራሷን ሜትር ይዛ መጣች፤ ሮዝ ቀለም ያለው።

ማሽን ማስነሳት በአንድ ሳምንት ይለመዳል፤ ማሽኑ ሲጮህ ምን እንደሚደረግ ግን ዓመታት ይወስዳል። አዲስ ገቢ ሁሉ ሲጮህ ወደ ስክሪኑ ነው የሚሮጠው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያሠለጠነችኝ ሴት እጄን በጥፊ እየመታች ነው ያስተወችኝ፤ ቀልዴን አይደለም። «ሰውየውን እይ!» ትለኝ ነበር። ደረቱ ይነሳል? በሁለቱም በኩል እኩል ይነሳል? ቱቦው ስንት ቁጥር ላይ ታስሯል፣ ወጥቷል ወይስ ጠልቆ ገብቷል? አክታ ዘግቶታል? ሳንባው ተበስቶ አየር ደረት ውስጥ ተጠራቅሟል? ይሄን ሁሉ አይተህ ምክንያቱ ካልተገለጠልህ ታማሚውን ከማሽኑ ነጥለህ በእጅ በሚጨመቀው ከረጢት ታስተነፍሳለህ። ወዲያው ከተሻለው ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ካልተሻለው ችግሩ ከሰውየው ወይም ከቱቦው ዘንድ ነው። ያን ጊዜ እጅህ ራሱ ይነግርሃል፤ ከረጢቱ እንደ ድንጋይ ከጠነከረብህ ወይ የተዘጋ ነገር አለ ወይ ሳንባው ጠንክሮ አልለጠጥ ብሏል፤ እንደ ባዶ ፌስታል ከላላብህ አየሩ የሚሾልክበት ቦታ አለ። ይሄን የእጅ ዕውቀት የሚያስተምር መጽሐፍ አላየሁም።

ጥንቱንም ሥራው የእጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሀገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ የብሌግዳም ሆስፒታል መተንፈስ ለተሳናቸው ሁሉ የሚበቃ ማሽን አልነበረውም። ቢዮርን ኢብሰን የሚባለው የማደንዘዣ ሐኪም ጉሮሮ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ በከረጢት አየር መስጠት እንደሚቻል አሳየ። ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ተቀምጠው፣ ቀንም ሌሊትም፣ ለሳምንታት ከረጢት ጨመቁ። የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ ነው የተወለደው። አዲስ ገቢ «እጄ ደከመ» ሲለኝ ይሄን አነሳበታለሁ፤ በኔ ላይም ስንቴ እንደተነሳብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ራሴ ጥፋት ደግሞ ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ በስምንተኛው ወር፣ ቱቦ የገባለትን ታማሚ በከረጢት እያስተነፈስኩ ለሲቲ ስካን ከነርስ ጋር ይዤ ወረድኩ። ኦክስጅኑ ኢ ከሚባለው ትንሹ ሲሊንደር ነው፣ በደቂቃ 15 ሊትር። ከመነሳቴ በፊት የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ አይቼዋለሁ፤ መርፌው 1,000 ፒኤስአይ ላይ ነበር። ግማሽ ገደማ ነው፣ ይበቃል አልኩ። አየሁት እንጂ አላሰላሁትም። ታች ስንደርስ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው አለ፣ ኮሪደር ላይ ጠብቁ ተባልን። ግድግዳው ላይ የኦክስጅን መሰኪያ የለም። ቆምን፣ ቆምን። አንድ ጊዜ ዝቅ ብዬ ባይ መርፌው ቀዩ ውስጥ ገብቷል። አብራኝ የነበረችው ነርስ ፊቴን አይታ አንድም ቃል ሳትጠይቀኝ ሮጠች። ከሌላ ክፍል ሲሊንደር እየጎተተች ስትመለስ የነበረኝ የሁለት ደቂቃ ኦክስጅን ቢሆን ነው። ታማሚው ምንም አልሆነም። እኔ ግን ሸሚዜ እስኪጠመዘዝ ድረስ አልቦኝ ነበር።

ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ነው። ለኢ ሲሊንደር የጌጁን ቁጥር በ0.28 ታባዛለህ፣ በደቂቃ ለምትሰጠው ሊትር ታካፍላለህ። 1,000 በ0.28 ሲባዛ 280 ሊትር፤ ለ15 ሲካፈል 18 ደቂቃ ከምናምን። ለመጠባበቂያ 200 ፒኤስአይ ካልነካህ 15 ደቂቃ ገደማ ይቀርሃል። እኛ ኮሪደሩ ላይ ብቻ ከዚያ በላይ ቆመናል። በማግስቱ የጥፋት ሪፖርቱን ራሴ ሞልቼ ሰጠሁ። አሁን አዲስ ገቢዎችን ሊፍት ውስጥ ሳንገባ «ስንት ደቂቃ አለህ?» እላቸዋለሁ፤ በደቂቃ ካልመለሱልኝ ቁልፉን አልጫንም። አንዳንዱ በሆዱ ይረግመኛል።

ለጥቁር ሕዝብ ደግሞ በተለይ የምለው አለኝ። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፋ ነው የምታነበው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጋ የምትናገርበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ በወጣ ጥናት፣ መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ ባነበበችበት ሰዓት የደም ምርመራው ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ታማሚዎች 11.7 በመቶ ጊዜ ሲሆን በነጮቹ 3.6 በመቶ ነው። ስለዚህ ታማሚው ጎኑ እየተሰረጎደ፣ አረፍተ ነገር መጨረስ እያቃተው «94 ነው፣ ደህና ነው» ሲባል የምትሰማ አዲስ ባለሙያ ብትኖር ደም ወስዳ ትይ። ሐኪም ቢቆጣትም ትይ። ከሐኪም ጋር በጨዋነት መከራከር ከዚህ ሙያ ግማሹ ነው፤ ቁጥር ይዞ የሄደን ሰው ደግሞ ብዙዎቹ ያዳምጣሉ።

የመጀመሪያ ሥራ አመራረጥን በተመለከተ ጽሑፋችሁ «ጥሩ የሚከፍል ፈልጉ» ብሎ አልፏል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ እናንተም ጠይቁ። እዚህ ቤት ደም ከደም ቅዳ የሚወስደው ማነው? ቬንትሌተሩን ባለሙያው በፕሮቶኮል ራሱ ያስተካክላል ወይስ ለእያንዳንዷ ቁጥር ትዕዛዝ ይጠብቃል? አንድ ሰው በአንድ ተራ ስንት ቬንትሌተር ይይዛል? ብቻዬን ከመለቀቄ በፊት ስንት ሳምንት ከሰው ጋር እሆናለሁ? እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ስሙ ይቅርና ሦስት ሳምንት አስከትለው ለቀቁኝ። ሁለተኛው ቤት ሦስት ወር ሰጠኝ። መድኃኒቱን ጉም የሚያደርገውን መሣሪያ፣ ኔቡላይዘር፣ ብቻ እያዞሩ የሚያውሉበት ቤት የገባ ልጅ ደመወዙ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በአምስት ዓመቱ ግን የሚያውቀው በመጀመሪያው ዓመት ያወቀውን ነው።

እድገቱን በተመለከተ መንገዱ ብዙ ነው፤ የምስክር ወረቀቱም ብዙ ነው። የጨቅላና የሕፃናት አለ፣ የአዋቂ ጽኑ ሕሙማን አለ፣ የእንቅልፍ ሕመም አለ፣ ሳንባ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚለካበት ላቦራቶሪ አለ። በሄሊኮፕተርና በአምቡላንስ ታማሚ የሚያጓጉዙ አሉ፤ ኮሌጅ ገብተው የሚያስተምሩ አሉ። ለማስተማርም ለኃላፊነትም የባችለር ዲግሪ ይዞ መገኘት ይበጃል፤ እየሠሩ መማር ይቻላል፣ እኔም የጨረስኩት እንደዚያ ነው። ነገር ግን የሁለት ዓመት ልምድ ሳይኖረው ወደ ጨቅላዎቹ ክፍል የሚቻኮልን ልጅ አላበረታታም። 700 ግራም የሚመዝን ሕፃን ላይ የአንድ ሚሊ ሊትር ስህተት ትልቅ ስህተት ነው። እጅ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይፍታታ።

አንድ ዓመት ኃላፊ ሆኜም ሞክሬዋለሁ። የሰው ተራ ማውጣት፣ በበዓል ማን ይግባ ብሎ መደራደር፣ የጓንትና የቱቦ ግዢ መፈረም። አንድ ቀን ሳስበው ወር ሙሉ የሰው ደረት በጆሮዬ አላዳመጥኩም። መልሱኝ አልኩ፤ መለሱኝ። ወደ ታች ወረደ ያሉኝ አሉ። ይበሉ።

አንድም የሙያ ዓምድ ሲጽፈው ያላየሁት ሌላ ነገር አለ። ቤተሰብ «ይብቃው» ብሎ ሲወስን፣ ሐኪሙም ሲስማማ፣ ቱቦውን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያው ነው። ነርሷ የሕመም መድኃኒት አስቀድማ ትሰጣለች። እኔ የማሽኑን ድምፅ አጠፋለሁ፣ ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ቀስ ብዬ በውሃ አርሼ እላጣለሁ፣ አፉን እጠርጋለሁ። ለቤተሰቡ ትንፋሹ ሊያንኮራፋ እንደሚችል አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ካልነገርኳቸው የሚሠቃይ ይመስላቸዋል። ከዚያ ቱቦውን አወጣለሁ። ማሽኑን ገፍቼ ከክፍሉ ሳወጣው ጎማው ከጮኸ ቤተሰቡ ዞር ብሎ ያየኛል፤ ስለዚህ አስቀድሜ ጎማውን እፈትሻለሁ። የእህቴ ልጅ ይሄን ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ቆይታ «ስንት ጊዜ አድርገኸዋል?» አለችኝ። መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ አልኳት። በሚቀጥለው ወር እኛ ዘንድ መጥታ አንድ ሌሊት ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች እንድታይ ፈቃድ ጠይቄላታለሁ።

በመጨረሻ ከጽሑፉ ጋር ስላወጣችሁት ፎቶ። ታማሚው ፊት ላይ ያለው ጭምብል ከሥሩ ከረጢት ያለው ዓይነት ነው። ያ ከረጢት ጭምብሉ ሳይደረግ በፊት ኦክስጅን ሊሞላ፣ ሰውየው አየር ሲስብም ሙሉ በሙሉ ሊጨማደድ የማይገባው ነው፤ ለዚህም ፍሰቱ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይከፈታል። በእናንተ ፎቶ ላይ ከረጢቱ እንደ ወረቀት ተጣብቋል። ተዋናይ ከሆነ ግድ የለም፤ እውነተኛ ታማሚ ከሆነ ግን አንድ ሰው ሄዶ ይክፈትለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሌሊት ተረኛ